የዝንብ መቁጠሪያው ሳህን

ፎሎሌ የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች ኖራ እየቀባች ነበር። ከመንገዱ እስከ ቤቱ ደረጃ በሁለት ረድፍ የተደረደሩት ድንጋዮች አርባ ስድስት ናቸው፤ አርባ አራቱ ነጥተው ፀሐይ ላይ እየደረቁ ነው፣ ሁለቱ ቀርተዋል። ብሩሹን በባልዲው ጠርዝ ላይ ሁለቴ ጠረግ ታደርግና ከላይ ወደ ታች ትስባለች። ሣሩ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳትወድቅ ሰፊ የጎደሬ ቅጠል ከሥር አንጥፋለች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ጆሮዋና አፍንጫዋ ግን ከቤቱ ጀርባ ነበሩ።

ከቤቱ ጀርባ የዶሮ ቤቱ አለ። ነፋስ ከባሕር ሲመጣ ሽታው ወደ ተራራው ይሄዳል፤ ነፋሱ ሲቆም ሽታውም እዚያው ግቢው ውስጥ ይቆማል፣ እንደ ሰው። ዛሬ ነፋስ የለም። ሦስት ሳምንት ሲወርድ የከረመው ዝናብ ያባራው ትናንት ነው። ዝንቡ ከቆርቆሮው ሥር እየወጣ ሲጮኽ እስከ ድንጋዮቹ ድረስ ይሰማታል።

ነገ ጠዋት የሴቶች ኮሚቴ ቤት ለቤት ይዞራል። በየወሩ ይዞራል። የአልጋ ልብሱን ገልጦ ያያል፣ ማብሰያ ቤቱን ያያል፣ የመጸዳጃውን ክዳን ያነሳል። ፎሎሌን እንቅልፍ የነሳት ግን ሰብሳቢዋ ፉአቲኖ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ነጭ ሳህን ነበር። ሳህኑ ላይ አንድ ቁራጭ ፓፓያ ያደርጋሉ። ከአሳማ ጋጥ ወይም ከዶሮ ቤት ደጃፍ ያስቀምጡታል። ሴቶቹ ሁለት አንቀጽ መዝሙር ይዘምራሉ። መዝሙሩ ሲያልቅ ፉአቲኖ እጃቸውን አንስተው ሁሉን ዝም ያሰኙና ሳህኑ ላይ ያረፉትን ዝንቦች ይቆጥራሉ። ከዐሥር ካለፈ፣ ወድቋል።

ባለፈው ወር ሠላሳ አንድ ቆጥረው ነበር።

«አንቺ የኢዮፑ ሚስት» አሉ ያን ጊዜ፣ «ዶሮዎችሽ የሚጥሉት እንቁላል ነው ዝንብ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ፉአቲኖ ግን አልሳቁም። ታች ሰፈር ሁለት ቤት ልጆች በትኩሳትና በተቅማጥ መተኛታቸውን፣ ዝንብ ከኩስ ተነስቶ በቀጥታ የልጅ አፍ ላይ እንደሚያርፍ በዝግታ ተናገሩ። በሚቀጥለው ወር ሳህኑ ላይ ከዐሥር በላይ ካረፈ፣ ዐሥራ ሁለቱም ዶሮዎች ቅዳሜውን ታርደው ለፓስተሩ እንግዶች ድንጋይ ምድጃው ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ወደ ሁሉም ዞረው፣ የሚሸተውን ሁሉ ኖራ አልብሱት፣ መንደሩ ይንጣ ብለው አዘዙ።

ፎሎሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያን ልጆች ታስባቸው ነበር። አንደኛውን ታውቀዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ከፊቷ ተቀምጦ ወደ ኋላ እየዞረ የሚያያት ሕፃን ነው። የእኔ ዝንብ ይሆን እንዴ ትላለች ለራሷ። ዳግመኛ ደግሞ ስለ ዶሮዎቹ ታስባለች፣ ስለ ዶሮዎቹ በማሰቧም ታፍራለች። በባሏ ቤት የእሷ የሆነ ነገር የለም። ምንጣፉ የእነሱ ነው፣ ድስቱ የእነሱ ነው፣ መሬቱ የእነሱ ነው። በኮሚቴው ስብሰባ እንኳ ከሌላ መንደር ያገቡ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ሻይ ሲያመላልሱ ነው የሚውሉት። ዶሮዎቹን ግን ጫጩት ሳሉ ከተራራው መንደሯ በቅርጫት አድርጋ፣ በአውቶቡስ፣ በጭኗ ላይ ነው ያመጣቻቸው። ኢዮፑ ፖም ሊለቅም ኒውዚላንድ ከመሄዱ በፊት ቤት ሠራላቸው። ድመት እንዳይገባ፣ ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ዙሪያውን በሳንቃ ገጥሞ ገጥሞ፣ አየር እንኳ እንዳይገባ አድርጎ ሠራው።

የመጨረሻውን ድንጋይ ጨርሳ ቀና አለች። ቀድማ የቀባቻቸው ድንጋዮች ላይ አንድም ዝንብ የለም። ከቀትር ጀምሮ ስታስተውለው ነበር፤ ዝንቡ መጥቶ ድንጋዩን ይዞርና ትቶት ይሄዳል። ከጆንያው ውስጥ ደግሞ ውሃ ያልነካው ደረቅ ኖራ ተርፏል። የዚህ ባሕር ዳር ሰዎች ኮራል የሚሉትን የባሕር ድንጋይ አቃጥለው የሚያወጡት ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ፣ ከአመድ የነጣ። በእሷ አገር የዶሮ ቤት ሲሸት አመድ ይበተናል። ይህም አመድ ነው፣ ነጭ አመድ። ጠዋት ባልዲው ውስጥ ውሃ ስታፈስበት እንደሚጠበስ ነገር ሲንጨረጨርና ባልዲው እጇን ሲያሞቀው ተሰምቷት ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

አማቷን ልትጠይቅ አሰበች። ቴሌሲያ ግድግዳ በሌለው ቤታቸው መሐል ተቀምጠው ምንጣፍ ይሠራሉ። ሲሠሩ አይናገሩም፤ ሳይሠሩም ብዙ አይናገሩም። ፎሎሌ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስትኖር ያላወቀችውን ነገር ጠይቃቸው አታውቅም። አለማወቋ የሚታወቅባት ይመስላታል። አልጠየቀችም።

ጆንያውን ጎትታ ወደ ዶሮ ቤቱ ወሰደችው። ዶሮዎቹ አመሻሽ ስለሆነ ገብተው ቆጣቸው ላይ ሰፍረዋል። ወለሉ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ በተለይ የውሃ በርሜሉ ያለበት ጥግ እግር ይውጣል። ኖራውን በሁለት እጇ እያፈሰች በተነችው። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፣ ግራጫው ነጣ። ደስ አላት። ከዚያ እስከ ነገ ድረስ ሌላ ዝንብ እንዳይገባ ብላ በሩን ዘጋች፣ ብቸኛዋን መስኮት በሳንቃ ደፈነች፣ የሳንቃውን ሥር በጆንያው ወተፈችው። እጇን ስትታጠብ መዳፏ ትንሽ ያቃጥላት ነበር።

ወዲያው የባሕሩ ዛጎል ተነፋ።

የምሽቱ ጸሎት ሰዓት ነው፤ ሳ ይሉታል። ዛጎሉ አንዴ ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይገባል፣ ዳግመኛ እስኪነፋ ድረስ ከተቀመጠበት አይነሳም። ዱላ የያዙ ሰዎች መንገዱ ላይ በየርቀቱ ይቆማሉ። ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ ማን ቁጭ እንዳለ፣ ማን እንዳልተቀመጠ ከመንገዱ ይታያል። ሳን የጣሰ ሰው ስም በአለቆቹ ስብሰባ ላይ ይጠራል፣ የሚጠራውም የቤተሰቡ ስም ነው።

ፎሎሌ ከአማቷ ፊት ተቀመጠች። ቴሌሲያ መዝሙር ጀመሩ፣ እሷም ተከተለች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሽታው መጣ።

የቀድሞው ሽታ አልነበረም። ስለታም ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ዓይን ውስጥ ይወጣል። ቴሌሲያ መዝሙሩን ሳያቋርጡ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ድምፁ ተሰማ። መጀመሪያ ክንፍ ከሳንቃ ጋር ሲጋጭ፣ ቀጥሎ ሳል የሚመስል፣ ዶሮ የማታወጣው ድምፅ። ፎሎሌ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨመቀች። መስኮቱን የደፈነችው እሷ ናት። በሩን የዘጋችው እሷ ናት። ባልዲው ሲንጨረጨር ትዝ አላት፣ ሙቀቱም ትዝ አላት።

ቴሌሲያ ጸሎት ያዙ። ለታመሙት ልጆች ለመኑ። በሰው አገር ላለው ለኢዮፑ ለመኑ። ከጀርባ ያለው ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ፎሎሌን ያስፈራት ይህ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበዛ በሕይወት አሉ ማለት ነው፣ አሁን ግን ዝም እያሉ ነው። ከመንገዱ ዳር ሁለት ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ብትነሳ ያዩዋታል። ተራራ ለተራራ ያደገች፣ ሥርዓት የማታውቅ ይሏታል። ባልየው በሌለበት የባሏን ቤት አዋረደች ይባላል። ባትነሳ ደግሞ ዐሥራ ሁለቱም እዚያ ውስጥ አሉ።

የቴሌሲያ ድምፅ አልተለወጠም። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው።

«ጌታ ሆይ» አሉ፣ «በጸሎት መካከል ሥራ ጠርቶት የሚነሳ ካለ፣ አትቁጠርበት። ዶሮንም የፈጠርክ አንተ ነህና።»

ፎሎሌ በትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ ቀና ብላ አየቻቸው። ቴሌሲያ አሜን አላሉም። ሌላ መዝሙር ጀመሩ፣ ጉሮሯቸው ከሚችለው በላይ ጮክ አድርገው፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ።

ተነሳች። ስትነሳ ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። አልጮኸም፣ አልተንቀሳቀሰም። ዝም ብሎ አያት። ቢጮኽ ይሻላት ነበር።

የዶሮ ቤቱን በር ስትከፍት ዓይኗ ወዲያው ተዘጋ። ትንፋሿን ይዛ፣ በዳሰሳ ገባች። ሁለት አገኘች፣ አወጣቻቸው። ዳቦ ፍሬ ከሚሉት ዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ አየር ስባ፣ ተመለሰች። ሁለት። ደግሞ ሁለት። እንባዋ እየወረደ ይቆጥርላታል እንጂ አፏ አይቆጥርም ነበር። ዐሥራ አንድ አወጣች፤ የቀረችው አንገቷ ላይ ላባ የሌላት ራሰ በራዋ ናት። ቆጡ ላይ የለችም። በርሜሉ ጥግ እጇን ስትሰድ ለብ ያለ ጭቃ ነካች። ከጭቃው ውስጥ ዶሮዋን አገኘቻት። እግሯ እስከ ጉልበቱ ነጥቷል፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ተከድነዋል።

ከበርሜሉ በቆርቆሮ ጣሳ በቀዳችው ውሃ ደጃፉ ላይ የዶሮዋን ዓይንና እግር ስታጥብ ነበር ዛጎሉ ዳግመኛ የተነፋው። ቴሌሲያ መጡ። የዶሮ ቤቱን መስኮት ከውጭ ገንጥለው ጣሉት። ከበሩ አፍ ላይ ትንሽ ዱቄት ቆንጥረው በጣታቸው መሐል አሹት።

«ይሄ የድንጋይ መቀቢያ ነው ልጄ» አሉ። «እርጥብ ኩስ ላይ ሲያርፍ ያለውን ሽታ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው የሚያስወጣው። አባቴ ኮራል አቃጣይ ነበር፤ በዚህ የታወረ ሰው አውቃለሁ። ማን አስተማረሽ?»

ፎሎሌ ማንም እንዳላስተማራት፣ እትዬ ፉአቲኖ የሚሸተውን ሁሉ ኖራ አልብሱት ማለታቸውን ተናገረች።

«እሷ ያለችው ለድንጋዩ ነው» አሉ ቴሌሲያ። ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «ነው ወይስ አይደለም?»

ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም።

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈርቼዎት ነው።»

ቴሌሲያ ይህን የጠበቁት አይመስሉም። ዶሮዋን ከእጇ ተቀብለው አንገቷን ዳሰሱት። «እኔን ስትፈሪ እነዚህን ልትጨርሻቸው ነበር» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ራሰ በራዋን በቅርጫት አድርገው ወደ ቤት ወሰዷት።

ጎህ ሲቀድ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ሌሊቱን ነፋስ ሲገባበት ስላደረ የዶሮ ቤቱ ሽታ ለስልሷል። ቴሌሲያ ወለሉ ላይ ተንበርክከው መዳፋቸውን ከበርሜሉ ሥር አኖሩ፣ ዝም ብለውም ጠበቁ። ጠብ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጠብ። የበርሜሉ ቧንቧ ያፈሳል። በሦስቱ ሳምንት ዝናብ ፎሎሌ እርጥበቱ ሁሉ ከሰማይ የመጣ መስሏት ነበር።

«ዝንቡ ከየትም አይመጣብሽም፤ እዚሁ ነው የሚወለደው» አሉ ቴሌሲያ፣ በአካፋ ጫፍ ጭቃውን ገለበጡት። ከሥሩ ነጫጭ ትሎች እንደሚፈላ ሩዝ ተርመሰመሱ። ፎሎሌ ፊቷን አላዞረችም። ከእሷ ቤት ወጥተው የሕፃኑ አፍ ላይ ያርፋሉ የተባሉት እነዚህ ናቸው።

እርጥቡን ሁሉ፣ ከነኖራው፣ በአካፋ ዝቀው በቅርጫት አወጡት። ከሙዙ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፣ ክንድ በሚያህል አፈርም ከደኑት። ከቆርቆሮው ሥር በባሕሩ በኩል ሁለት ሳንቃ፣ በተራራው በኩል ሁለት ሳንቃ አወለቁ። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነው፤ ድመት እንዳይገባ ክፍተቱን በወንፊት ሽቦ ዘጉት። ቧንቧውን ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አሰረችው፣ ከሥሩም ጣሳ አኖረች። ወለሉ ላይ በማብሰያው ቤት ጣሪያ ሥር ደርቆ የከረመ የኮኮናት ቃጫና የዳቦ ፍሬ ቅጠል፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ አነጠፉ።

«አሁን ዝንብ አይኖርም?» አለች ፎሎሌ።

«ይኖራል። የተወለደው የት ይሄዳል? ከእንግዲህ የሚወለደው ነው የሚቀንሰው። እርጥብ ካላገኘ አይወለድም።»

ይህ ለሚቀጥለው ወር ደስ የሚል ነገር ነው። ሳህኑ የሚመጣው ግን ዛሬ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሴቶቹ መጡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰዋል። ፉአቲኖ ከፊት ናቸው። ድንጋዮቹን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ ማብሰያ ቤቱን አዩ። ቤቱ ጥግ ያለችውን ቅርጫት ሲያዩ ቆሙ። ራሰ በራዋ አንድ ዓይኗን ገርበብ አድርጋለች፤ ሌላው አብጦ ተዘግቷል።

«ይህቺ ምን ሆነች? በሽታ ነው?»

ፎሎሌ አማቷን አየች። ቴሌሲያ ምንጣፋቸውን እያዩ ነው። በሽታ ነው ብትል ሁሉም ዶሮዎች ዛሬውኑ ይታረዳሉ። እውነቱን ብትናገር ሰብሳቢዋን በሴቶቻቸው ፊት ተሳስተዋል ማለቷ ነው፣ ያውም ከኋላ የምትቀመጥ ሴት፣ ያውም ትናንት ሳን የጣሰች።

«ኖራ ነው» አለች። «የሚሸተውን ሁሉ ኖራ አልብሱት ብለው ነበርና፣ ደረቁን ኖራ እርጥቡ ላይ በተንኩት። በሩንም ዘጋሁት። ሽታው ባንድ ጊዜ ወጥቶ ሊገድላቸው ነበር። ትናንት በጸሎት ሰዓት የተነሳሁት ለእሱ ነው።»

ፉአቲኖ ጎንበስ ብለው የዶሮዋን እግር አዩ፤ ቆዳው እንደተላጠ ድንች ነው። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ሲሉ ወደ ፎሎሌ ሳይሆን ከኋላቸው ወዳለችው ጸሐፊያቸው ዞሩ፤ ጠዋት የላኩት ጆንያ ፓስተሩ ቤት ደርሶ እንደሆነ ጠየቋት። ደርሷል አለች ጸሐፊዋ፣ ለአሳማው ጋጥና ለጫጩቶቹ ቤት፣ ከዝማሬው በኋላ ይበተናል ተብሏል።

«ሂጂ። ሮጠሽ ሂጂ። አትበትኑት በያቸው።»

ጸሐፊዋ መዝገቡን ለሌላዋ ሰጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በተቀቡት ድንጋዮች መሐል ሮጠች።

ፎሎሌ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። ፉአቲኖ ግን ነጩን ሳህን ከቦርሳቸው አወጡት። ፓፓያውን ቆረጡ፣ በዶሮ ቤቱ ደጃፍ አስቀመጡት። ሴቶቹ መዘመር ጀመሩ። ከባሕሩ ትንሽ ነፋስ ተነስቶ በተከፈተው ሳንቃ በኩል አለፈ፣ ቅጠሉንም አንቀሳቀሰው። የመጀመሪያዋ ዝንብ መጣች። ፎሎሌ ከዝንቦቹ ጋር አብራ ትተነፍስ ነበር። አራት። ነፋሱ ሲመጣ ሁለት፣ ሲሄድ ደግሞ ስድስት። መዝሙሩ እንዲህ ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር።

መዝሙሩ አለቀ። ፉአቲኖ እጃቸውን አነሱ፣ ሳህኑን በአውራ ጣታቸው ያዝ አድርገው ጎንበስ አሉ።

ዘጠኝ ነበሩ፤ ፎሎሌ ከቆመችበት ቆጥራቸዋለች። በዚያ ቅጽበት ሁለት ዝንቦች ተከታትለው መጡ። አንዷ ፓፓያው ላይ አረፈች። ሌላዋ ሳህኑን አንዴ ዞረችውና የፉአቲኖ አውራ ጣት ላይ አረፈች። እዚያው ተቀምጣ እግሮቿን ማሸት ጀመረች።

ፉአቲኖ አውራ ጣታቸውን አዩት። ሴቶቹም አዩት። ቴሌሲያ እንኳ ከምንጣፋቸው ቀና ብለው ነበር።

«ዐሥር» አሉ ፉአቲኖ። «ጣቴ ሳህን አይደለም። ዐሥር ብለሽ ጻፊ።»

ከዚያ፣ ለፎሎሌ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ጣታቸውን ከሳህኑ እንደሚሰበስቡ ነገሯት። የጸሎቱ ነገር የወንዶቹ ጉዳይ እንደሆነ፣ ሰኞ በአለቆቹ ፊት እንደሚነሳም ነገሯት። ፎሎሌ አንገቷን ደፋች። ሰኞን ከአሁኑ መፍራት ጀምራለች።

«እኔ እሄዳለሁ» አሉ ቴሌሲያ ከተቀመጡበት። «የረዘመው የእኔ ጸሎት ነው። ዛጎሉ ዳግመኛ ሳይነፋ እንድትነሳ ያደረጋት የእኔ መርዘም ነው። ለአለቆቹም ልጸልይላቸው እችላለሁ፤ ጊዜ ካላቸው።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በእጇ አፈነች። ፉአቲኖ ከፓስተሩ ቤት በኩል የሰው ድምፅ ሰምተው ነበር። ሴቶቻቸውን አስከትለው፣ ከተለመደው እርምጃቸው ፈጠን ብለው ወጡ።

ግቢው ዝም ሲል ፎሎሌ ዶሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ብቻዋን እንደቆመች አወቀች። ዐሥራ አንዱ ዶሮዎች አዲሱን ቅጠል እየጫሩ ነው። እግሯ ሥር ሳህኑ ተረስቷል፤ ፓፓያው ላይ ዝንቦቹ አሉ። ፓፓያውን ወስዳ ከሙዙ ሥር ቀበረችው። ሳህኑን በሳሙና ሁለቴ አጠበችው፣ በጨርቅ አደረቀችው። ማብሰያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ገልብጣ አስቀመጠችው።